ቀን ያልተጻፈበት ቅጠል

ቀረብ በሉማ፣ አንድ ነገር ልተርክላችሁ። የአንድ የብርቱካን ቅጠል ነገር ነው። ሐይቅ ላይ ተቆረጠ፣ ከአሥር ዓመት በላይ መጽሐፍ ውስጥ ተኛ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ አንዲት ምሁር ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋና ቢጠይቁት የሚመልሰው አጣ። አንደበቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከደሴ ተነሥታችሁ የወልድያን መንገድ ስትይዙ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከውኃው ነው። ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ነው፤ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ የሚወርደው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል። ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ አምባሰል ይቀበላችኋል፤ ውጫሌ ያለበት፣ ግሸን ያለበት፣ ቅኝቱ በስሙ የሚጠራው አምባሰል። አገሩ ወይና ደጋ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ቦይ የደረሰበት ጓሮ ብርቱካን ወይ ሎሚ፣ ካልሆነም ትርንጎ አያጣም ነበር።

እኛ ጓሮ የነበረው አንድ የብርቱካን ዛፍ ነው። አያቴን እማዬ ነበር የምንላት፤ ዛፉም የእማዬ ዛፍ ይባል ነበር። አበባ ሲያወጣ ግቢው በሙሉ ይታወዳል፣ ንቡ ከጠዋት እስከ ማታ አይለቀውም። ፍሬው ሲደርስ እማዬ መጀመሪያ የምታስበው አራስ ያለችበትን ቤትና የታመመ ያለበትን ቤት ነው። ከዚያ የጎረቤታችን የሼሁ ድርሻ ይወጣል። የተረፈው የእኛ ነው። ወደ ገበያ የሚሄደው በቅርጫት ሲደረደር፣ እንዳይላላጥ ከዚያው ከዛፉ ቅጠል ተቆርጦ ይጎዘጎዝለታል። ይህቺን የቅጠል ጉዝጓዝ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ክረምት ዛፉ ታመመ። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ጠቃጠቆ ወጣ። ትልቁ የትንሽ ጣት ጥፍር ያክላል፤ መሐሉ አመድማ፣ ዙሪያው ጥቁር ቡናማ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ቢጫ ቀለበት አለው። ቆይቶ መሐሉ ደርቆ ይረግፍና ቅጠሉ በወስፌ የተበሳ ይመስላል። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ በቀዳዳው አጮልቄ እንዳየሁ አስታውሳለሁ። ከዚያ ፍሬው ቀጠለ። ለጋው ፍሬ ላይ ጡት ጫፍ የመሰለ እብጠት ወጣ፤ ገሚሱ ሳይበስል ረገፈ፣ ገሚሱ ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ጠቁሮና ጠጥሮ ቀረ።

መንደሩ መከረ። እማዬ ዓይን ነው አለች። ሼሁ መጥተው ዛፉን ዞረው አዩና፣ «አብሽሪ፣ በረዶ ነው የመታው፣ ለከርሞ ይመለሳል» አሏት። ለከርሞ ግን ባሰበት። የግብርና ባለሙያ መጣ፤ ጎበዝና ቅን ልጅ ነበር። አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «መቼ ነው የጀመረው?» አንዱ የእገሌ ሰርግ ዓመት አለ። ሌላው የለም፣ ከዚያ በፊት ነው፣ ድልድዩ ሲሠራ ነው አለ። አንዷ ደግሞ የእሷ ዛፍ ከእማዬ ዛፍ አስቀድሞ እንደታመመ ማለች። ባለሙያው ብዕሩን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠና ሳይጽፍ ሄደ። ምን ብሎ ይጻፍ?

በሦስተኛው ዓመት እማዬ ዛፉን አስቆረጠችው። ጫት ተተከለበት። የተቆረጠ ዕለት እኔ አንድ ቅጠል ቀጠፍሁና ከነእርጥበቱ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፌ ውስጥ ከተትሁት። ለማስታወሻ ብዬ ነው። ለሌላ ነገር አላሰብሁትም።

ዓመታት አለፉ፣ እማዬም አለፈች። መጽሐፉን አንድ ቀን ስከፍት ቅጠሉ ወደቀ። ያኔ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ የዕፅዋት በሽታ ያጠናች አንዲት ምሁር አውቅ ስለነበር ይዤላት ሄድሁ። በደስታ ተቀበለችኝ። አጉሊ መነጽሯን አነሣች፣ ቅጠሉን ገለበጠችው፤ የሚፈለገው ነገር በብዛት የሚገኘው በጀርባው በኩል ነውና። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ።

«ከየት ነው?»

«ሐይቅ፣ ከአያቴ ጓሮ።»

«በስንት ቀን ተቆረጠ?»

ዝም አልሁ። ክረምት እንደነበር አውቃለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ከሁለት ዓመቶች አንዱ ነው ብዬ ነገርኋት።

«ደርቆ ነው የተከተተው ወይስ እርጥቡን?»

እርጥብ እንደነበር ነገርኋት። አንገቷን ነቀነቀች። በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ፤ ቅጠሉን የወረረው የመጽሐፉ ውስጥ ሻጋታ ነው። ከታች ሌላ ነገር ቢኖር እንኳ ሻጋታው አልብሶታል። «ምልክቱን ስትነግረኝ አንድ በሽታ ያሳስበኛል» አለች፤ «ነገር ግን የብርቱካን ቅጠል ላይ ጠቃጠቆ የሚያወጣ ብዙ ነው። በዚህ ቅጠል ምስክርነት ሐይቅ ላይ ይህ በሽታ በዚህ ዓመት ነበር ብዬ አልጽፍም።» ስትናገር አልተቆጣችም። እኔ ግን ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ያሳሰባትን በሽታ ነገረችኝ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አንጎላ ውስጥ ብርቱካን በጠቃጠቆ ተመታ። በሞዛምቢክም እንዲሁ። ደ ካርቫልሆና ሜንዴስ የተባሉ ሁለት ሰዎች የታመመውን ቅጠል አጠኑ። ያገኙት ፈንገስ ነው፤ ቡናማ ክር የመሰሉ እግሮች በጥቅል ቆመው፣ ጫፋቸው ላይ ረዘም ያሉ ዘሮች ተቀጣጥለው። ለሳይንስ አዲስ ስለነበር በአንጎላ ስም ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ከሰሐራ በታች ያለውን ሞቃት አፍሪካ አብዛኛውን አዳርሷል፤ ባሕር ተሻግሮ ኮሞሮስና የመን ገብቷል፤ ኢትዮጵያም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የእኛው ተመራማሪ መሐመድ የሱፍ በዚህ በሽታ ላይ የተሠራውን ጥናት ሰብስቦ አሳትሟል። ዝናብ ጠንክሮ ከርሞ ደረቅ ቀን ሲከተል፣ ሙቀቱም ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል። ብርቱካንን፣ መንደሪንን፣ ባሕረ ሎሚን አጥብቆ ይይዛል፤ ሎሚ ይሻለዋል። ዘሩን ነፋስ ሩቅ ያደርሰዋል፤ የዝናብ ፍንጣሪ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያሻግረዋል። ሰውም በችግኝ፣ በፍሬና በቅጠል ተሸክሞ ይወስደዋል። ያቺን የቅርጫት ጉዝጓዝ አስታወሳችኋት? እማዬ ሙሉ ዕድሜዋን ለደግነት ያደረገችው ነገር ነው። ዛፉ በዚህ በሽታ ተይዞ ከነበረ፣ በየቅርጫቱ በሽታውንም ልካለች ማለት ነው። ይህን ስሰማ ያመመኝን ሕመም አሁንም አልረሳሁትም።

የፈንገሱ ስም ሁለት ጊዜ ተለዋውጧል። መጀመሪያ ሰርኮስፖራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከርክ የተባለ እንግሊዛዊ የፈንገስ ሊቅ ወደ ሌላ ወገን አዛወረው። በ2003 ክሩስና ብራውን የተባሉ ሊቃውንት ዛሬ የሚጠራበትን ስም፣ ሱዶሰርኮስፖራ አንጎለንሲስን ሰጡት። ስሙ ሲለዋወጥ ነገሩ እንዳይጠፋ ያደረገው ምንድን ነው? የደረቀው ቅጠል ነው። በወረቀት ፖስታ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከየትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው ቦታ፣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ እንደተቆረጠ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሊቅ ፖስታውን ፈትቶ በራሱ ዓይን ያያል። እንዲህ ያለው ቤት ሄርባሪየም ይባላል። ለንደን ውስጥ ያለው የኪው የፈንገስ ክምችት ብቻ ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ናሙና ይዟል። የእኛም ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈጸመው ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት የሚያወሳው ባለ ስምንት ቅጽ መጽሐፍ ያለዚያ ቤት ባልተጻፈ ነበር።

ምሁሯ ቡና አስመጥታልኝ፣ እንዳላዝን ነው መሰል፣ የሌላ ብርቱካን ታሪክ ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላገኘሁት ሁሉ የምተርከው እሱን ነው።

ካንከር የሚባል የብርቱካን በሽታ አለ። እሱ እንኳ ፈንገስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ገባና ገበሬው ዛፉን በቆመበት በእሳት አነደደው። ከየት መጣ የሚለው ነገር አከራከረ፤ ጣት ወደ ጃፓን ተቀሰረ፣ ወደ ቻይናም ተቀሰረ። ሃዋርድ ፎሴትና አና ጄንኪንስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ግን ሰው መጠየቁን ትተው ወደ ሄርባሪየም ሄዱ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተቀመጡትን የብርቱካንና የሎሚ ናሙናዎች አንድ በአንድ እየከፈቱ መረመሩ። ኪው ውስጥ፣ ህንድ አገር ከ1827 እስከ 1831 ባለው ጊዜ የተቆረጠ የትርንጎ ቅጠል ላይ የካንከርን ቁስል አገኙት። ከጃቫ ደሴት በ1842 እና በ1844 መካከል የተቆረጠ ሎሚ ላይም እንዲሁ። በ1933 ይህንኑ አሳተሙ።

እስቲ አስቡት። ያንን ትርንጎ የቆረጠው ሰው በሽታ አልፈለገም። በሽታውን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ባክቴሪያ በሽታ ያመጣል የሚለው ትምህርት ራሱ ገና አልተወለደም። ሰውየው ያደረገው ቅጠሉን አድርቆ፣ ቦታውንና ዘመኑን ጽፎ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ያላሰበውን ሙግት የሚፈታ ምስክር ሆነ። ኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሞሪሸስ ላይ ከተቆረጠ ቅጠል የዚያኑ ባክቴሪያ ሙሉ ዘረመል አውጥተው አንብበዋል። አየርላንድን በረኃብ የፈጀው የድንች በሽታም እንዲሁ፤ በ1840ዎቹ የተቆረጡ የድንች ቅጠሎች ተከፍተው በ2013 ማንነቱን ተናገሩ።

የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ዳኛቸው ይርጉ የተባለ ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ስቱዋርት ከሚባል ተመራማሪ ጋር የኢትዮጵያን የዕፅዋት በሽታዎች ዝርዝር አሳተመ። በተከታዩ ዓመት ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋር እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ ባክቴሪያ መሆኑን ለይተው ስም አወጡለት። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ሙዝን የሚያጠፋው ያው ተሐዋሲ ሲነሣ፣ የዓለም ጥናት ሁሉ የሚነሣው ከዚያ የኢትዮጵያ እንሰት ነው። መዝግቦ የሚያኖር ሰው ስለነበረ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ወደ ሐይቅ ስመለስ አንድ ነገር እየከነከነኝ ሄድሁ። ቀን መጻፍን እንግሊዝ አላስተማረንም። የሐይቅ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል!

አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ። ከደብረ ዳሞ ተምረው የመጡ መነኩሴ ናቸው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። ለገዳሙ የሰጡት አንድ ወንጌል አለ፤ በ1273 ዓ.ም. እንደተጻፈ ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ተከታትለው የመጡ መነኮሳት ወንጌሉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን፣ ባዶ ቦታ ባለበት ገጽ ላይ የገዳሙን ንብረት፣ የተሰጠውን ስጦታ፣ የአበምኔቱን ስም ጻፉበት። ለታሪክ ምሁር ብለው አልጻፉም፤ ነገሩ እንዳይጠፋ ብለው ነው። ሰባት መቶ ዓመት አለፈና ታደሰ ታምራት ያንን ማስታወሻ አንብበው እ.ኤ.አ. ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ዘመን በዘመን አስቀመጡ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ታተመ። 

እንግዲህ እኔ የዚያ ውኃ ዳር ልጅ ነኝ። የእማዬን ዛፍ ቅጠል ስከት እርሳስ በእጄ ነበር፤ መጽሐፌም ክፍት ነበር። ከቅጠሉ ጎን ቀኑን መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዚያች ደቂቃ መጓደል፣ በእማዬ ጓሮ የሆነው ነገር በምንም መዝገብ ላይ የለም። ሼሁ በረዶ ነው ብለው አለፉ፤ እማዬ ዓይን ነው ብላ አለፈች። ማን እንደተሳሳተ የሚያጣራ ማስረጃ አልተውሁላቸውም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ሐይቅ፣ ሱሉላ፣ ቢስቲማ፣ ውጫሌ፣ ብርቱካን ያለበት ጓሮ ሁሉ ይስማኝ። ምሁሯ ያስተማረችኝን እንዳለ ነው የምነግራችሁ። ጠቃጠቆ ያለበት ቅጠል ስታዩ አምስት ስድስት ቁረጡ፤ አዲስ የጀመረውንም፣ የተበሳውንም፣ ጤነኛውንም አንድ ላይ። ፍሬው ከታመመ ቅርፊቱን በስሱ ላጡና ጨምሩ። ጋዜጣ መሐል ዘርጉት፣ ከላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ይሻግታል። ሳይደርቅም ከግቢ አታውጡት፤ በሽታውን ራሳችሁ ታዛምታላችሁ። ከደረቀ በኋላ በወረቀት ጠቅልሉትና በእርሳስ ጻፉበት፤ ቀለም ውኃ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ አይፈስም። የዛፉ ዓይነት፣ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ስማችሁ፣ ከስንት ዛፍ ስንቱ እንደታመመ። ከዚያ ለወረዳው ግብርና ወይም ለሲሪንቃ የምርምር ማዕከል አድርሱት፤ ደሴ ላሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠልና ፍሬ ግን ለቅማችሁ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት። ቅርጫታችሁንም በብርቱካን ቅጠል አትጎዝጉዙ፤ ገለባ ይበቃል።

እናንተ አስተማሪዎችም፣ ተማሪዎቻችሁን በክረምት መውጫ ወደ ጓሮ አውጡልኝ። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት አሥር ቅጠል ቢያደርቅ፣ በአሥር ዓመት መቶ ምስክር አለው።

አንድ መስከረም ሐይቅ ሄጄ ነበር። ከእማዬ ጓሮ ማዶ፣ የሼሁ ልጅ አንድ ወጣት ብርቱካን ተክሏል። ቅጠሉ ላይ ጥቂት ጠቃጠቆ አየሁ። «አያ፣ ልቁረጥ?» አልሁት። «ቁረጥ እንጂ፣ የአንተም አይደል» አለኝ። ስምንት ቀን አደረቅሁት። በፖስታው ላይ የጻፍሁት ይህ ነው፦

ብርቱካን። ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ደቡብ ወሎ። ከቦዩ በላይ። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.። ከአንድ ዛፍ፤ ከታች ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ብቻ ታየ፤ ፍሬ ገና አልያዘም። የበሽታው ስም፦ አልተለየም።